የዋሻው ወጣቶች ገንዘብ



 ምስጋና ሁሉ ለአላህ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሐቦቻቸው ላይ ይሁን።

ባለፈው ሳምንት ከመግሪብ ደርስ በኋላ ሰው ሁሉ ወጥቶ አንድ ወጣት ብቻ ቀረ። ጫማውን በእጁ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል፤ አይወጣም፣ አይገባም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ ሶፍትዌር ምህንድስና ያጠናል።

«ኡስታዝ፣ እንዳይቆጡኝ እንጂ አንድ ጥያቄ አለኝ» አለ።

«ና ተቀመጥ» አልኩት። አልተቀመጠም።

«ድሮ ሰው መብረቅ ሲፈራ ይጸልይ ነበር፤ ዛሬ መብረቅ ምን እንደሆነ እናውቃለን። ድሮ የታመመ ሰው ዱዓ ያስደርግ ነበር፤ ዛሬ ሐኪም አለ። ግራ የገባንን ነገር ሁሉ ስልካችን ይነግረናል። ደግሞ ከማውቃቸው ነጋዴዎች በጣም የሚያጭበረብሩት ሰጋጆቹ ናቸው። ታዲያ አላህን ማመን፣ ሃይማኖት መያዝ፣ ዛሬም ያስፈልጋል?»

በድምፁ ውስጥ ድፍረት አልነበረም፤ ፍርሃት ነበር። እምነቱን ጥሎ የጨረሰ ሰው ጫማውን አድርጎ ይሄዳል እንጂ በር ላይ አይቆምም።

የዚያን ቀን ዒሻእ ስለደረሰ አጭር መልስ ሰጥቼው ተለያየን። ቤት ስገባ መልሴ እኔኑ አላረካኝም። ይህ ጽሑፍ ያኔ ልሰጠው ይገባኝ የነበረው መልስ ነው። እናንተም መካከል በዚያው በር ላይ የቆማችሁ እንዳላችሁ ስለማውቅ ለሁላችሁም ጻፍኩት።

🔹 የማይሠራው ገንዘብ

ብዙዎቻችን በየጁመዓው ሱረቱል ከህፍን እንቀራለን። በውስጧ የዋሻው ሰዎች ታሪክ አለ። ቁርኣን የሚጠራቸው ወጣቶች ብሎ ነው። ሕዝባቸው ጣዖት ሲያመልክ እነርሱ ጌታችን የሰማያትና የምድር ጌታ ነው ብለው ተነሡ። ከዚያም ሃይማኖታቸውን ይዘው ወደ ዋሻ ሸሹ። አላህ አስተኛቸው፤ ሦስት መቶ ዓመት፣ ዘጠኝም ተጨመረበት።

ሲነቁ አንድ ቀን ወይም የቀኑን ከፊል የተኙ መሰላቸው። ራባቸው። ከመካከላቸው አንዱን የብር ገንዘብ ሰጥተው ምግብ እንዲገዛ ወደ ከተማ ላኩት። የተፍሲር ሊቃውንት እንደሚተርኩት ልጁ ገበያ ገብቶ ገንዘቡን ሲያወጣ ሻጩ ግራ ተጋባ። በገንዘቡ ላይ ያለው ንጉሥ ከሞተ ዘመናት አልፈዋል። የተቀበረ ሀብት ያገኘ መሰላቸውና ሰዎች ተሰበሰቡበት።

እስቲ እዚህ ላይ ቆም በሉ። እነዚህ ወጣቶች ወደ ዋሻው ሁለት ነገር ይዘው ገብተው ነበር፤ ገንዘባቸውንና ኢማናቸውን። ከ309 ዓመት በኋላ ሲወጡ ገንዘቡ አንድ ዳቦ እንኳ አይገዛም። ኢማናቸው ግን እንደያዙት ነበር። እንዲያውም ያሳደዳቸው ዘመን አልፎ፣ ከተማው በአላህ የሚያምኑ ሰዎች የሚኖሩበት ሆኖ እንደቆያቸው ሊቃውንቱ ይናገራሉ።

ያሳደዳቸው ሕዝብም በጊዜው «ዛሬ» የሚለው ዘመን ነበረው። «አሁን ይህ ነው የሚሠራው፤ የእናንተ አይሠራም» ብሎ ነበር። እያንዳንዱ ትውልድ «ዛሬ» ይላል፤ ዛሬውም ትናንት ይሆናል። ስለዚህ አንድን ነገር «ከዘመኑ ጋር ይሄዳል ወይ?» ብለን ብቻ አንመዝነውም። በመጀመሪያ የምንመዝነው ነገር ገንዘቡን ነው ወይስ ኢማኑን ብለን እንለይ።

🔹 የተቀየረው ምንድን ነው?

ልጁ ከተናገረው ውስጥ እውነት የሆነውን እውነት እንበለው። መብረቅ የኤሌክትሪክ ፍሳሽ ነው። የታመመ ሰው ሐኪም ቤት መሄድ አለበት፤ ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ.) መድኃኒት ፈልጉ ብለው አዘዋል። ሕክምናን ትቶ «እኔ ተወኩል አለኝ» የሚል ሰው ተወኩልን አልተረዳም። የሰው ልጅ ዕውቀት ጨምሯል፤ አልሐምዱሊላህ።

ስልካችሁን ስትከፍቱ ቪዲዮ የሚመርጥላችሁ አልጎሪዝም አለ አይደል? ቃሉ የመጣው ከአንድ ሙስሊም ሊቅ ስም ነው፤ ከአል-ኸዋሪዝሚ። በዘጠነኛው ክፍለ ዘመን በባግዳድ የኖረ ሰው ነው። በአልጀብራ ላይ በጻፈው ኪታብ ውስጥ ሰፊ ቦታ የያዘው የውርስ ስሌት ነው፤ እናት ስንት፣ ሴት ልጅ ስንት፣ ወንድም ስንት ይደርሰዋል የሚለው። የየቲም ድርሻ እንዳይጎድል መጠንቀቅና ሒሳብን ማራቀቅ በአንድ ሰው ራስ ውስጥ ሳይጣሉ አብረው ኖረዋል።

ይህን የምለው «ድሮ እኛ ነበርን» ብለን እንድንኮራ አይደለም። የአል-ኸዋሪዝሚ ዕውቀት የእኔን የሒሳብ ፈተና አላለፈልኝም። የምለው ዕውቀት ሲጨምር ኢማን የግድ ይቀንሳል የሚለው ሐሳብ ትክክል እንዳልሆነ እንድታዩ ነው። ዕውቀት የዘመኑ ገንዘብ ነው። ያስፈልጋል፤ ያለ እሱ ገበያ አይገባም። ግን በገንዘቡ ምን ልግዛ፣ ለማን ልግዛ የሚለውን ገንዘቡ ራሱ አይነግራችሁም።

🔹 «ይጠቅመኛል?» ወይስ «እውነት ነው?»

አሁን ስለ ራሴ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔም በዚያ በር ላይ ቆሜ አውቃለሁ።

ቁርኣንን የቀራሁት ወሎ ውስጥ በሼኾች ፊት ነው። ዩኒቨርሲቲ ስገባ በራሴ እተማመን ነበር። ሦስተኛ ዓመት ላይ ሶላቴን ተውኩ። በአንድ ቀን አልነበረም። መጀመሪያ ሱብሒ ያመልጠኝ ጀመር። ቀጥሎ ዐስር። በመጨረሻ የቀረችኝ ጁመዓ ብቻ ነበረች፤ እሷም ጓደኞቼ እንዳያሙኝ። ተከራክሮ ያሸነፈኝ ሰው አልነበረም። ያሳመነኝ መጽሐፍም አልነበረም። እንደ ጨው ቀስ እያለ ሟሟ። ራሴን ስጠይቅ የማገኘው መልስ «ምን ይጠቅመኛል? ሳልሰግድም ውጤቴ ያው ነው» የሚል ነበር።

ስምንት ወር እንዲህ ቆየሁ። ከዚያ አንድ ሌሊት ወንድሜ ደወለ። አባታችን ወደ አኼራ ሄዷል።

አገር ቤት ስደርስ ያስቀሩኝ ሼኽ እጄን ይዘው «ልጁ አንተ ነህ፤ አንተ ታሰግድበታለህ» አሉ። የእኔን ነገር አያውቁም። ከፊት ቆምኩ። ከኋላዬ የአባቴ ጎረቤቶች ተሰልፈዋል። የጀናዛ ሶላት እንደምታውቁት አራት ተክቢራ ነው፤ ሩኩዕም ሱጁድም የለውም። ከሦስተኛው ተክቢራ በኋላ ለሟቹ ዱዓ ይደረጋል። እዚያ ላይ ስደርስ ምላሴ ተያዘ። ለአባቴ ምሕረት እየለመንኩ ነው፤ ማንን? ወይ የሚሰማኝ ጌታ አለ፣ ወይ ባዶ አየር እያናገርኩ ነው። መሃል ቦታ አልነበረውም።

ልብ በሉ። የእኔ ማዘን አላህ ለመኖሩ ማስረጃ አይደለም። ያዘነ ሰው የሚያጽናናውን ሁሉ ሊያምን ይችላል። ያ ቀን የሰጠኝ መልስ አልነበረም፤ ትክክለኛውን ጥያቄ ነው የሰጠኝ። ስምንት ወር ሙሉ «ይጠቅመኛል ወይ?» እያልኩ ነበር። ልጠይቅ የሚገባኝ «እውነት ነው ወይ?» ብዬ ነበር። እውነት ካልሆነ ቢያጽናናም ልንይዘው አይገባም። እውነት ከሆነ ደግሞ 2 ሺህ ዓመት ቢያልፍም ጊዜው አያልፍበትም።

ከዚያ በኋላ እንደገና መማር ጀመርኩ፤ በዚህ ጊዜ ለፈተና ሳይሆን ለራሴ። ከያዙኝ ታሪኮች አንዱ የጁበይር ኢብን ሙጥዒም ነው። ጁበይር ያኔ ሙስሊም አልነበረም። ወደ መዲና የመጣው የበድር ምርኮኞችን ጉዳይ ይዞ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) መግሪብ ሲያሰግዱ ሱረቱ ጡርን ሲቀሩ ሰማ። በዚያች ሱራ ውስጥ አላህ ሰዎችን ይጠይቃቸዋል፤ ያለ ምንም እንዲሁ ነው የተገኙት? ወይስ ራሳቸውን የፈጠሩት ራሳቸው ናቸው? ሰማያትንና ምድርንስ እነርሱ ፈጠሩ? ጁበይር ይህን ሲሰማ ልቡ ሊበር እንደደረሰ በኋላ ራሱ ተናግሯል። ለድርድር የመጣ ሰው በሁለት ሦስት ጥያቄ ተያዘ።

ጥያቄዎቹን ዛሬ በመብረቅ ዕውቀታችን ላይ እናስቀምጣቸው። እናታችሁ እንጀራ ጋገረች እንበል። «የእንጀራው ዓይን ከየት መጣ?» ብትሉ ኬሚስትሪ የተማረ ሰው ይነግራችኋል፤ ሊጡ ሲቦካ ጋዝ ይፈጠራል፣ ምጣዱ ላይ ሲሞቅ ይወጣል። መልሱ ሙሉ በሙሉ ትክክል ነው። ግን ይህን በማወቃችሁ «እንግዲያው እናቴ አልጋገረችውም» ትላላችሁ? እንዴት እንደተጋገረ ማወቅ ማን እንደጋገረውና ለማን እንደጋገረው አይሽርም። እናንተ ከሩቅ አገር ልትመጡ ስለሆነ ሌሊት ተነሥታ ጋግራው ይሆናል። ይህን ምጣዱን በመመርመር አታገኙትም። እሷን ጠይቃችሁ፣ ወይም እሷ ነግራችሁ ነው የምታውቁት።

ሳይንስ የምጣዱን ሥራ ይመረምራል፤ ይመርምር። ዓለም ለምን ኖረ፣ እኔስ ለምን መጣሁ የሚለውን ግን የሠራው ጌታ ሊነግረን ይገባል። ወሕይ ማለት ይህ ነው።

🔹 ማን ያየኛል?

ወደ ዋሻው ልመልሳችሁ። እነዚያ ወጣቶች ተርበዋል፣ ከተያዙም እንደሚገደሉ ያስባሉ። ሆኖም ምግብ ገዢውን ሲልኩት ያገኘኸውን ይዘህ ና አላሉትም። ከምግቡ ንጹሕ የሆነውን እንዲመርጥ፣ በገርነት እንዲሠራ አሳሰቡት። በረሃብና በሞት ፍርሃት መካከል ሆነው ስለ ሐላል ይጨነቃሉ! ኢማን ዋሻ ውስጥ ብቻ ሳይሆን ገበያ ውስጥም አብሯቸው ገባ።

የዑመር ልጅ ዐብደላህ (ረ.ዐ.) በመንገድ ላይ አንድ እረኛ አገኘ። ሊፈትነው ፈልጎ ከበጎቹ አንዷን እንዲሸጥለት ጠየቀው። እረኛው ባሪያ ነበር፤ በጎቹ የጌታዬ ናቸው አለ። ዐብደላህም ተኩላ በላት ብትለውስ አለው። እረኛው መልሶ አላህስ የት ሄዶ? ብሎ ጠየቀው።  ኋላም ዐብደላህ እረኛውን ገዝቶ ነጻ አወጣው።

አሁን ስልካችሁን ተመልከቱ። አንድ የማታውቁት ሰው በስሕተት 5 ሺህ ብር በቴሌብር ላከላችሁ እንበል። ደውሎ አልጠየቀም። ወይም የኦንላይን ፈተና ላይ ናችሁ፤ መልሱን የሚነግራችሁ መሣሪያ አጠገባችሁ ነው፤ አስተማሪው አያይም። ወይም ሌሊት ነው፤ በሩ ተዘግቷል፤ ስክሪኑ ፊታችሁ ነው። የእረኛው በረሃ ዛሬ ኪሳችን ውስጥ ገብቷል። ካሜራ በበዛበት በዚህ ዘመን፣ ማንም በማያየን ቦታ የምናሳልፈው ሰዓትም በዝቷል። ታዲያ ለዚያ እረኛ ያስፈለገው ኢማን ለእናንተ ይበልጥ አያስፈልግም?

አላህን የማያምን ሰው ሁሉ ሌባ ነው እያልኩ አይደለም። ሙስሊም ያልሆኑ ታማኝ ሰዎችን ሁላችንም እናውቃለን፤ እነርሱን ማሳነስ ግፍ ነው። የምለው ሌላ ነው። ታማኝነት ዋጋ በሚያስከፍልበት ሰዓት፣ ምስጋናም ቅጣትም በሌለበት፣ «ለምን?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ለአማኝ መልሱ አጭር ነው፤ አላህ ያያል።

🔹 ሰጋጁ ሲያጭበረብር

የልጁ ከባዱ ጥያቄ ግን ይህ ነበር። ሰጋጅ ሆኖ ቅቤ ውስጥ ባዕድ ነገር የሚቀላቅል፣ ሚዛን የሚያጎድል ሰው አይቷል። እኔም አይቻለሁ።

እንዲህ ያለውን ሰው ከማንም በፊት የወቀሰው ራሱ ቁርኣን ነው። ሱረቱል ማዑንን አስታውሱ፤ አብዛኞቻችን በልጅነት የሐፈዝናት አጭር ሱራ ናት። ሃይማኖትን የሚያስተባብል ሰው ማን እንደሆነ ስትናገር የምታነሣው የቲምን የሚገፋውን፣ ድኻን ለማብላት የማያነሣሣውን ነው። ከዚያ ከሶላታቸው ለሚዘናጉ፣ ለይዩልኝ ለሚሠሩና ትንሿን ዕቃ እንኳ ለጎረቤት ለሚከለክሉ ሰጋጆች ታስጠነቅቃለች። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ.) በሶላቷና በጾሟ የታወቀች ሆና ጎረቤቶቿን በምላሷ ስለምታስቸግር ሴት ሲነገራቸው፣ የእሳት ናት ብለዋል።

እናም አጭበርባሪውን ሰጋጅ ስታዩ «ሃይማኖቱ ነው ያበላሸው» ከማለታችሁ በፊት ጠይቁ፤ ሃይማኖቱን ታዝዞ ነው ያጭበረበረው ወይስ ጥሶ? የሐኪም ማዘዣ ኪሱ ውስጥ ይዞ መድኃኒቱን ያልዋጠ ሰው ባይድን ማዘዣው ውሸት ነው አይባልም። እኛ ሰጋጆች ግን በዚህ ቀልደን ማለፍ የለብንም። አንድ ወጣት በእኛ ሚዛን ምክንያት ከመስጊድ በር ከተመለሰ አላህ ፊት የምንጠየቅበት ነው። እኔን ጨምሮ።

ሃይማኖት ሰውን ምን ያደርገዋል የሚለውን ጥያቄ ከሁሉ በተሻለ የመለሰው አንድ ወጣት፣ የመለሰውም በእኛው አገር ምድር ላይ ነው። በ615 ገደማ ከመካ የተሰደዱት ሙስሊሞች ሐበሻ ገቡ። ቁረይሾች እንዲመልሳቸው መልእክተኞች ልከው ንጉሡን ለመኑ። ነጃሺ ግን ሳይሰማ አልፈረደም። ሕዝባችሁን ያስተዋችሁ ይህ ሃይማኖት ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ (ረ.ዐ.) ተነሣ።

ጃዕፈር ምን እንደነበሩና ምን እንደሆኑ ተናገረ። ጣዖት ያመልኩ እንደነበር፣ በክት ይበሉ እንደነበር፣ ዝምድና ይቆርጡና ጎረቤት ይበድሉ እንደነበር፣ ብርቱው ደካማውን ይበላ እንደነበር። ከዚያ እውነተኛነቱንና ታማኝነቱን የሚያውቁት መልእክተኛ እንደመጣላቸው፤ አላህን ብቻ እንዲያመልኩ፣ እውነት እንዲናገሩ፣ አማና እንዲመልሱ፣ ዝምድና እንዲቀጥሉ፣ ለጎረቤት መልካም እንዲሆኑ፣ ከደምና ከየቲም ገንዘብ እጃቸውን እንዲሰበስቡ እንዳዘዛቸው።

ከ1400 ዓመት በላይ አልፏል። የጃዕፈርን ዝርዝር ዛሬ ከዜና ጋር አስተያዩት። ብርቱው ደካማውን መብላት አቁሟል? የሰው ደም ረክሶ አያውቅም? የየቲም ገንዘብ አይነካም? በሽታው ጊዜው ካላለፈበት መድኃኒቱ እንዴት ጊዜው ያልፍበታል?

🔹 ጥርጣሬ ለያዛችሁ

አሁን ለብቻችሁ የማወራው በሩ ላይ ለቆማችሁት ነው። መጠየቃችሁ ብቻ ከእስልምና አያወጣችሁም። ከሶሐቦች አንዳንዶቹ ወደ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) መጥተው፣ በውስጣችን ለመናገር እንኳ የሚከብደን ሐሳብ ይመጣብናል አሏቸው። እሳቸው አልተቆጡም። መክበዱ ራሱ ግልጽ ኢማን እንደሆነ ነገሯቸው። ሌባ የሚገባው ዕቃ ያለበት ቤት ነው፤ ወና ቤት ምን ሊሰርቅ ይገባል?

ግን ጥያቄያችሁን በሌሊት ለማታውቁት የቲክቶክ ተከራካሪ አታቅርቡ። ሐኪም እንደምትመርጡ ዓሊም ምረጡ። የመለሰላችሁ ካላረካችሁ ሌላ ጠይቁ። «አትጠይቅ» የሚላችሁ ካለ ደግሞ፣ ነቢያት እንኳ ጌታቸውን እንደጠየቁ አስታውሱ። ኢብራሂም (ዐ.ሰ.) ሙታን እንዴት እንደሚነሡ እንዲያሳየው አላህን የለመነው ሳያምን ቀርቶ ሳይሆን ልቡ እንዲረጋ ነው።

🔹 እስከሚቀጥለው ጁመዓ

ሦስት ነገር አደራ እላችኋለሁ።

1. በቀን አንዷን ሶላት ምረጡ። ከተዋችሁ የቆያችሁም ብትሆኑ ከእሷ ጀምሩ፤ ግን እሷ ላይ ብቻ አትቁሙ፤ አምስቱም ግዴታ ናቸው። ስልኩን ሌላ ክፍል ውስጥ ትታችሁ ሱጁድ ላይ በራሳችሁ ቋንቋ የልባችሁን ለአላህ አማክሩት። ጥርጣሬያችሁንም ጭምር።

2. ማንም የማያውቀውን አንድ አማና መልሱ። የተበደራችሁት መጽሐፍ ይሁን፣ የሰው ገንዘብ ይሁን፣ ያልተመለሰ ይቅርታ ይሁን።

3. ዛሬ ሱረቱል ከህፍን ስትቀሩ ገንዘቡ ላይ ስትደርሱ ቆም በሉና ራሳችሁን ጠይቁ፤ ዛሬ በእጄ ካለው ውስጥ ከ309 ዓመት በኋላ የሚሠራው የትኛው ነው?

ያ ወጣት ይህን ካነበብክ፣ በሩ ክፍት ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ጫማህን አስቀምጠህ ግባ። ሻይ አፍልቼ እጠብቅሃለሁ፤ ጥያቄ ካልጨረስክ ዒሻእን ሰግደን እንቀጥላለን።

ያ አላህ! ሳንጠይቅህ ኢማንን የሰጠኸን ጌታ ሆይ፣ እየለመንንህ አትንጠቀን። ልባችንን በዲንህ ላይ አጽናልን። የተጠራጠረውን አረጋጋልን፣ የራቀውን መልስልን። በእኛ ጥፋት ምክንያት ሰው ከቤትህ በር እንዳይመለስ ጠብቀን። ወደ አኼራ የሄዱ ወላጆቻችንን ማርልን። አገራችንን ሰላም አድርግልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።